የሰኔ 30 ጥያቄዎች፦ ስለ ካርድ፣ ስለ ሽልማትና ስለ ወላጆች በዓል

በአራት ኪሎና በፒያሳ መካከል ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ ግንቦት ከገባ ጀምሮ በር ላይም በቴሌግራምም ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው።

የወላጆች በዓል መቼ ነው? ስንት ሰዓት እንድረስ?

በሰኔ የመጨረሻው ሳምንት ነው፤ አንዳንድ ዓመት ሰኔ 30 ዕለት ይውላል። ከተቻለ ቅዳሜ እናደርገዋለን። የሥራ ቀን ከሆነ አባቶች አይመጡም፣ እናቶችም አስፈቅደው መጥተው ዓይናቸው ሰዓት ላይ ነው። ቀኑ ሲቆረጥ ልጆቹ ደብተር ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ በክፍሉ ቴሌግራምም ይነገራል።

የሚጀመረው ጠዋት 2፡30 ነው። 3፡30 አይደለም። ይህን የምደጋግመው ክረምቱ ስለማይጠብቀን ነው። በሰኔ መጨረሻ ጠዋቱ ብራ ሆኖ ከምሳ በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል። አንድ ዓመት የክብር እንግዳ እስኪመጣ ብለን አረፋፍደን ጀመርን። የ3ኛ ክፍል ልጆች ገና መዝሙራቸውን ሳይጨርሱ ዝናቡ ወረደ። ድንኳኑ ውሃ ቋጠረ፣ የቋጠረውን ደግሞ ሞንታርቦው ላይ ዘረገፈው። ከዚያ ወዲህ እንግዳ መጣም አልመጣም በሰዓቱ እንጀምራለን።

ካርድ የሚሰጠው በዚያው ቀን ነው? እኔ ካልተመቸኝ ማን ይቀበልልኛል?

አዎ፣ በዓሉ እንዳለቀ። ግን ሜዳ ላይ አይታደልም። እያንዳንዱ ወላጅ ልጁ ክፍል ገብቶ ከክፍሉ ኃላፊ መምህር እጅ ይወስዳል፤ ሁለት ደቂቃም ቢሆን ስለ ልጁ ለማውራት ዕድል ይገኛል። አያት፣ አክስት፣ ለአቅመ አዳም የደረሰ ታላቅ ወንድም መቀበል ይችላል። የጎረቤት ልጅ አይችልም። በዚያ ቀን ማንም ካልመጣ ካርዱ ቢሮ ይቀመጣል እንጂ በልጁ እጅ አይላክም።

ፊርማውን በተመለከተ፦ በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ካርድ ላይ የአባት ፊርማ በልጅ እጅ ጽሑፍ እናገኛለን። ልጆች ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ እናውቀዋለን።

ካርዱ ላይ ያሉት ቁጥሮች ምን ማለት ናቸው? ደረጃ የሚወጣው እንዴት ነው?

እያንዳንዱ ትምህርት ከ100 ይያዛል። ያ 100 የአንድ ቀን ፈተና አይደለም። የቤት ሥራ፣ የክፍል ሥራ፣ አጫጭር ፈተና፣ የቡድን ሥራ ሁሉ ተከታታይ ምዘና ተብሎ ይደመራል፣ የመንፈቅ ዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ይጨመርበታል። የሁሉም ትምህርቶች ውጤት ተደምሮ ለትምህርቶቹ ቁጥር ሲካፈል አማካዩ ይወጣል። የ1ኛው መንፈቅ ዓመት አማካይዋ 88.4፣ የ2ኛው ደግሞ 91.2 የሆነ ልጅ የዓመቱ አማካይዋ 89.8 ነው። ደረጃ ማለት ይህንን ቁጥር ከክፍል ጓደኞቿ ጋር አሰልፎ ስንተኛ ላይ እንደቆመች ማየት ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። ሁለት ልጆች እኩል ካመጡ ሁለቱም 2ኛ ይባላሉ፣ ቀጥሎ ያለው 4ኛ ይሆናል።

ደረጃ የማይነግራችሁ ነገርም አለ። ከ1ኛው እስከ 8ኛው ያለው ልዩነት ሦስት ነጥብ ብቻ የሆነበት ክፍል አስተምሬ አውቃለሁ። በዚያ ክፍል 8ኛ የወጣው ልጅ ሌላ ክፍል ቢሆን ኖሮ መድረክ ላይ ይቆም ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ አማካዩን፣ ቀጥሎ እያንዳንዱን ትምህርት፣ ከዚያ የቀረበትን ቀን ብዛት እዩ። ደረጃው ከታች ያለው በምክንያት ነው።

ልጆች የሚመሰገኑት በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው?

አይደለም። እንዲያውም እኔን ብትጠይቁኝ ትልቁ ነገር ያለው በዓመቱ መሃል ነው። ጠዋት ሰልፍ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ የሕዝብ መዝሙር ከተዘመረ በኋላ ርዕሰ መምህሯ ሁለት ሦስት ስም ትጠራለች። የጠፋ ብር አግኝቶ የመለሰ፣ የታመመ ጓደኛውን ደብተር የገለበጠ፣ ሳምንቱን ሙሉ ያላረፈደ። ጭብጨባው አጭር ነው፣ ልጁ ግን ቀኑን ሙሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ይውላል። በዕረፍት ሰዓት ደግሞ ሚኒ ሚዲያ አለ። ልጆቹ ራሳቸው ዜና ያነባሉ፣ ግጥም ያቀርባሉ፣ "እንቆቅልህ" ብለው ሜዳውን ሁሉ "ምን አውቅልህ" ያሰኛሉ። ድምፁ አንዳንዴ ይጮሃል፣ አንዳንዴ ይቆራረጣል፤ ማይክ ለመያዝ ግን ወረፋው አያልቅም።

ከዚያ ቀኖቹ አሉ። በጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ የሰንደቅ ዓላማ ቀን። ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን፣ ከሽሮ ሜዳ የተገዛውም ከአክስት የተዋሱትም ልብስ የሚታይበት። የካቲት 23 ትምህርት ስለሌለ ዓድዋን የምናከብረው በዋዜማው ነው። የ1888ቱን ድል ልጆቹ በካርቶን ጋሻና በመጥረጊያ እንጨት ጦር እንደገና ይዋጉታል። አንድ ዓመት አሥራ አንድ ጣይቱ ነበሩን፣ ምኒልክ ግን ሁለት ብቻ። ጣሊያን የሚሆን ጠፍቶ ዕጣ አወጣን፤ ዕጣ የደረሰባቸው ሦስት ልጆች አለቀሱ። በመጨረሻ የስፖርት መምህራችን ጣሊያን ሆኖ ሜዳውን ዞሮ ሮጠ፣ መቶ ሃምሳ ልጅ አሳደደው።

የክፍሎች የጥያቄና መልስ ውድድርም አለ። 5ኛ ሀ እና 5ኛ ለ የሚገናኙበት ቀን ከደርቢ አይተናነስም። ያሸነፈው ክፍል ብዙ ጊዜ የሚሸለመው ጉብኝት ነው። እዚህ መሃል ከተማ መሆናችን የሚጠቅመን ያኔ ነው፤ አውቶቡስ ሳንከራይ በእግር እንሄዳለን። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ፣ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ትንሽ ወጣ ስንል ብሔራዊ ሙዚየም። ድንቅነሽ ፊት ሲደርሱ ልጆቹ ሁልጊዜ የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፦ ቁመታቸውን ከመስታወቱ ጋር ይለካካሉ። ቁመቷ አንድ ሜትር ከትንሽ ነገር ስለሆነ የ2ኛ ክፍል ልጆች ይበልጧታል። ይህን ያወቀ ልጅ ማታ ቤት ገብቶ የሚያወራው እሱን ነው።

ሽልማቱ ምንድን ነው?

ሰርተፊኬት፣ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ከለር፣ ለትልልቆቹ መዝገበ ቃላት ወይም ኮምፓስ። ከመርካቶ በጅምላ ነው የምንገዛው፣ የወላጅ መምህር ህብረቱ ያግዛል። ሜዳሊያና ዋንጫ ለስፖርት ብቻ። ልጆቹ የስጦታ ወረቀቱን ገና በሩን ሳይወጡ ይቀድዱታል፤ በማግስቱ ግቢው ያንን የሚያብለጨልጭ ወረቀት ለብሶ ያድራል።

ገንዘብ አንሸልምም። ታብሌት፣ ስልክ የሚባል ነገር አልፎ አልፎ ወላጅ "እኔ ልስጥ" ይላል። እናመሰግናለን፣ ግን ለቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ ቢገዛልን ይሻለናል።

የሚሸለሙት ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት ብቻ ናቸው?

መድረክ ላይ፣ አዎ። ብዙ ትምህርት ቤት እንዲሁ ነው፣ እኔም ይቅር አልልም። ዓመቱን ሙሉ ሌሊት ተነስታ ያጠናች ልጅ ስሟ በሞንታርቦ ሲጠራ መስማት ይገባታል። ችግሩ የቀሩት ናቸው። ሃምሳ ልጅ ባለበት ክፍል አርባ ሰባቱ ሦስት ሰዓት ተቀምጠው ለሌላ ሰው አጨብጭበው ይሄዳሉ። ለዓመታት ያስተማርኩት እንደዚያ ነበር፣ እኔም ልጅ ሆኜ ከአጨብጫቢዎቹ ነበርኩ።

አሁን እኛ ጋ ካርድ ከመሰጠቱ በፊት በየክፍሉ አንድ ነገር እናደርጋለን። የክፍሉ ኃላፊ መምህር የእያንዳንዱን ልጅ ስም ጠርቶ፣ በዓመቱ ያየበትን አንድ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ወላጅ እየሰማ ነው። ሕጉ አንድ ነው፦ በዓይን የታየ መሆን አለበት። "ጎበዝ ነው" አይቆጠርም። "ጨዋ ልጅ ናት" አይቆጠርም፤ እሱን ለማንም ይባላል። የ2ኛ ክፍል መምህራችን ስለ አንድ ልጅ ያለችውን ላስታውስ። "የግቢው ቧንቧ ሲንጠባጠብ ካየ ኳሱን ትቶ ሄዶ የሚዘጋው እሱ ነው።" ልጁ በደረጃ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነበር። አባቱ ከኋላ ቆሞ ሲሰማ ቆብ አወለቀ። ልጁ ደግሞ "ታይቻለሁ እንዴ?" በሚል ዓይን ነበር የሚያያት።

ጊዜ አይወስድም ወይ ትላላችሁ። ለአንድ ልጅ 15 ሰከንድ፣ ለሃምሳ ልጅ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ከክብር እንግዳ ንግግር ያጥራል። የሚከብደው ለመምህሩ ነው። ስለ ሃምሳ ልጅ ሃምሳ የተለያየ ነገር ለመናገር ከመስከረም ጀምሮ ማየትና መጻፍ ያስፈልጋል። እኔ ትንሽ ደብተር አለችኝ፣ ኪሴ ውስጥ ናት። መጀመሪያ ባደረግኩት ዓመት ሚያዝያ ላይ ከፍቼ ሳየው ስለ ዘጠኝ ልጆች አንድም መስመር አልጻፍኩም። ዘጠኙም ዝምተኞች ነበሩ። እስከ ሰኔ ዓይኔ እነሱ ላይ ነበር።

ልጄ 41ኛ ወጣ። ከሰው ፊት እንዳይዋረድ ባላመጣውስ?

አምጡት። የሚዋረደው ሲቀር ነው። የቀረ ልጅ ለምን እንደቀረ ጓደኞቹ ያውቃሉ።

የሚያሳስበኝ በዓሉ አይደለም፤ ከበር እስከ ታክሲ ያለው መንገድ ነው። "ስንተኛ ወጣህ?" የማይል ጎረቤት የለም፣ ሱቅ ያለው ሰውዬም ይጠይቃል። አንዲት የ4ኛ ክፍል ልጅ ካርዷን ሹራቧ ውስጥ ከታ፣ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ስትወጣ አይቻታለሁ። እናቷ "ሆድሽን አመመሽ?" አለቻት። ያንን መንገድ ከልጁ ጋር አብራችሁ ሂዱ፣ መልሱንም እናንተ መልሱ። "ሒሳብ ከ52 ወደ 64 ከፍ አድርጓል" ብላችሁ ብትመልሱ ሰውየው የሚጨምረው ነገር አይኖረውም። ኬክ ለመግዛት አስባችሁ ከነበር ግዙ። የጎረቤት ልጅን ስም ግን እስከ ማታ አታንሱ፣ እባካችሁ።

ውጤቱ በእርግጥ የሚያሳስብ ከሆነ ለማውራት ሐምሌና ነሐሴ አለ። የማየት ወይም የመስማት ችግር ይሆን ብሎ መመርመርም ከቁጣ በፊት ይቀድማል። ሰሌዳው ስለማይታየው ብቻ ከኋላ ሆኖ ዓመቱን የፈጀ ልጅ ከአንድ በላይ አጋጥሞኛል።

በሰርተፊኬቱ ላይ የልጄ ስም ተሳስቷል። ይታረማል?

ይታረማል፣ ግን ቀድማችሁ ብታርሙልን ይሻላል። በሰኔ የመጀመሪያው ሳምንት የስም ዝርዝር በየክፍሉ በር ላይ እንለጥፋለን። ኑና እዩ። የፊደል ነገር ለእኛ ቀላል አይደለም። ሠላም ነው ሰላም? ፀሐይ ነው ጸሐይ? ኃይለ ነው ሀይለ? ኪዳነማርያም አንድ ቃል ነው ሁለት? ለማንበብ ልዩነት የለውም ትሉ ይሆናል። ለልጁ አለው። አንዲት የ1ኛ ክፍል ልጅ፣ ገና ስሟን መጻፍ የተማረች፣ "ጸሀይ" የሚል ሰርተፊኬት ሰጠኋት። አየችው፣ መለሰችልኝ። "ይሄ የሌላ ልጅ ነው" አለች። ትክክል ነበረች።

በእንግሊዝኛ የሚጻፈውም ከልደት ሰርተፊኬቱ ጋር አንድ ይሁን፤ ኋላ ለሌላ ጉዳይ ሲፈለግ ጣጣ ያመጣል። በአንድ ክፍል ሦስት ሶሊያና ስላሉኝ ደግሞ የአባት ስም አብሮ ይጠራል። በሆነ ምክንያት የአባት ስም በአደባባይ እንዳይጠራ የምትፈልጉ ካላችሁ ለክፍሉ መምህር ብቻ ሹክ በሉት። ምክንያቱን አንጠይቅም።

ምን ይልበስ? ገንዘብ ትሰበስባላችሁ?

ዩኒፎርም፣ ታጥቦ። በቃ። በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒፎርምና ደብተር በነፃ ስለሚሰጥ ሁሉም ልጅ አለው፣ ማንም ከማንም አይለይም። ባህላዊ ጭፈራ የሚያቀርቡ ልጆች ልብሱን እኛ አዘጋጅተን እናለብሳለን።

ስለ ገንዘብ ትንሽ ልበል። ድሮ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሳስተምር ለኬጂ ምረቃ የጋዋን፣ የፎቶ፣ የኬክ፣ የቲሸርት እየተባለ በአንድ ወር ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ወጣ። በምረቃው ቀን አንዲት ልጅ ቀረች። እናቷ ስልክ ደውላ "አሞብኛል" አለች። ሰኞ ልጅቷን ሱቅ በር ላይ ገመድ ስትዘል አየኋት። ከዚያ ወዲህ ልጅ መድረክ ላይ ለመውጣት ወላጅ ከፍሎ መሆን የለበትም የሚል ክርክር ውስጥ ሁልጊዜ አለሁበት። እኛ የምንቀበለው በፈቃድ የሚመጣ ፈንዲሻና ድፎ ዳቦ ነው። ቡናውን እናቶች ያፈሉታል፤ ማን እንዳመጣ፣ ማን እንዳላመጣ አይጻፍም።

ልጄ መድረክ ላይ መውጣት ይፈራል። ግጥም ተሰጥቶታል፣ ማታ ማታ ያለቅሳል።

ንገሩን፣ እንቀይረዋለን። ማይክ የሚያቀብል፣ መጋረጃ የሚስብ፣ ሚኒ ሚዲያ ላይ ሙዚቃ የሚከፍት ልጅም ያስፈልገናል። ፍርሃቱ በእልህ የሚለቅ ነው የሚሉ አሉ፤ ለአንዳንዱ ይሠራል፣ ለአንዳንዱ ሰኔ በመጣ ቁጥር የሆድ ቁርጠት ይሆናል። መካከለኛ መንገድም አለ፦ ግጥሙን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ማለት። ሦስት ሲሆኑ አንዱ ቢረሳ ሌላው ይይዘዋል።

6ኛ ክፍል የጨረሱትስ? የፈተናው ውጤት ሳይመጣ እንዴት ይሸኛሉ?

የ6ኛ ክፍል ልጆች ሰኔ ላይ የከተማ አቀፉን ፈተና ይወስዳሉ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የመጀመሪያ ደረጃ የሚባለው እስከ 6ኛ ነው፤ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ከእኛ የሚሰናበቱት ያኔ ነው። ውጤቱ በበዓሉ ቀን እጃችን ላይ ላይኖር ይችላል። "አለፈ፣ ወደቀ" ሳይታወቅ ምን ይከበራል የሚል ወላጅ በየዓመቱ አይጠፋም።

ስድስት ዓመት ነዋ የሚከበረው። እኛ ጋ የ6ኛ ክፍል ልጆች በመጨረሻው ሳምንት ለ1ኛ ክፍል ልጆች መጽሐፍ ያነባሉ፣ ከዚያ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ፣ የትኛው በር እንደሚነክስ፣ ምሳ ሰዓት ሰልፍ ላይ እንዴት እንደሚቆም ያስረዳሉ። ለእነሱ ከሰርተፊኬቱ ይልቅ ይህ ትልቅ ያደርጋቸዋል።

ፎቶ ማንሳትና ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ይቻላል?

የራሳችሁን ልጅ እንደፈለጋችሁ አንሱ። የሌላ ልጅ ፊት በግልጽ ያለበትን ፎቶ ግን ወላጁን ሳትጠይቁ ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ። በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፤ አዋጁ ባይኖርም ነውር ነው። ትምህርት ቤቱም መስከረም ላይ የፈቃድ ቅጽ ያስፈርማል፣ "አይ" ያለ ወላጅ ልጅ ከቡድን ፎቶ ውጪ ወይም ከኋላ ረድፍ ይሆናል። በተለይ የውጤት ካርድ ፎቶ አትለጥፉ። የእናንተ ልጅ 1ኛ ወጥቶ ደስ ብሏችሁ ነው፣ ይገባኛል። ክፍሉ ግሩፕ ላይ ግን አርባ ዘጠኝ ሌላ ወላጅ አለ።

አንድ ደግሞ፣ የልጃችሁ ተራ ሲደርስ ታብሌት ወደ ላይ አንስታችሁ ከኋላ ያለውን አትጋርዱ። ልጁም እናንተን ሲፈልግ የሚያየው ስልክ ብቻ ነው።

ለመምህሩ ስጦታ መስጠት ነውር ነው?

ነውር አይደለም፣ ግን ብቻችሁን ካርድ ከመሰጠቱ በፊት ይዛችሁ ከመጣችሁ ለመምህሩም ይከብዳል። ወላጆች ተሰባስበው በክፍሉ ስም ካደረጉት ይሻላል፤ መዋጮው ደግሞ በልጅ እጅ አይላክ፣ ያላመጣው ልጅ ይታወቃል። ለእኔ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ያለው አንድ የ3ኛ ክፍል ልጅ የሳለኝ ሥዕል ነው። ጭንቅላቴ ከሰሌዳው ይተልቃል። ጠመኔ ይዣለሁ፣ አፌ ክፍት ነው።

ልጄ 1ኛ መሆን ነበረበት። ውጤቱ ተሳስቷል ብዬ አምናለሁ። ምን ላድርግ?

ተናደው የሚመጡት ሁሉ ተሳስተዋል ማለት አይደለም። እኔ ራሴ አንድ ዓመት የአንዲትን ልጅ የአማርኛ ውጤት 87ን 78 ብዬ ገልብጬ ከ3ኛ ወደ 6ኛ አወረድኳት። ያወቅሁት እናቷ የተመለሱትን የፈተና ወረቀቶች በፌስታል ይዛ ስትመጣ ነው። አልጮኸችም። ጠረጴዛዬ ላይ ደርድራ "እንደምር" አለችኝ። ደመርን። ሐምሌ ላይ የልጅቷን ሰርተፊኬት ቤታቸው ድረስ ወሰድኩ፣ ቡና ጠጣሁ፤ መድረኩን ግን መመለስ አልቻልኩም። በሚቀጥለው ዓመት የመስከረም የመጀመሪያ ሰልፍ ላይ ስሟ ተጠራ፣ ስህተቱ የኔ እንደሆነም ተነገረ።

ስለዚህ የተመለሱ ወረቀቶችን ዓመቱን ሙሉ አስቀምጡ። መጀመሪያ የትምህርቱን መምህር፣ ቀጥሎ የክፍሉን ኃላፊ፣ ካልሆነ ርዕሰ መምህሯን አነጋግሩ። በበዓሉ ቀን፣ በልጆች ፊት አይሁን። 2ኛ የወጣው የናንተ ልጅ እና 1ኛ የወጣው ጓደኛው አብረው ቆመው እየሰሙ ነው፤ ሰኞ ኳስ የሚጫወቱት አብረው ነው።

"ሰኔ 30 እንገናኛለን" ተብያለሁ አለኝ ልጄ። ልስጋ?

እናንተም ተማሪ ሳላችሁ ሰምታችሁታል። ዓመቱን ሙሉ ያደረ ቂም የሚወጣው በዚያ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀጣ መምህር የለማ። አብዛኛው ወሬ ነው። ሁለቱ ልጆች በዚያ ቀን ፈንዲሻ ተካፍለው ሲሄዱ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ግን ስሙን ንገሩን፤ ሁለቱንም ቀድመን እናስታርቃቸዋለን። በዕለቱም ከበር ውጪ፣ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ መምህራን ይቆማሉ። ከተቻለ ልጁን ይዛችሁት ሂዱ።

ዩኒፎርም ላይ መፈራረም ለ6ኛ ክፍሎች ፈቅደናል፣ እስክሪብቶ ብቻ። ዱቄትና እንቁላል አይቻልም። ዩኒፎርም መቅደድም አይቻልም፤ ታናሽ ወንድም አለ።

ሰፈራችን ስለተነሳ ልጄ በዓመቱ መሃል ነው የመጣው፣ ወይም ሊለቅ ነው። ደረጃ ውስጥ ይገባል? በዓሉስ ላይ?

ከፒያሳና ከካዛንቺስ ብዙ ቤተሰብ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ወደ ከተማዋ ዳር ስለሄደ ይህ ጥያቄ ባለፉት ዓመታት በዝቷል። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የመጣ ልጅ ከቀድሞ ትምህርት ቤቱ የ1ኛውን መንፈቅ ዓመት ውጤት በማኅተም ካመጣ ሁለቱ ተደምረው አማካይ ይወጣለታል። ደረጃ ውስጥ መግባቱ ላይ ትምህርት ቤቶች ይለያያሉ። ሁለቱ ቦታ የተፈተኑት ፈተና አንድ አይደለምና እኛ አማካዩን ጽፈን ደረጃውን ክፍት እንተወዋለን፤ በክፍል ውስጥ የሚነገረው ዓረፍተ ነገር ግን አይቀርበትም። ሦስት ወር ብቻ ያየነው ልጅ ከሆነ ሦስት ወር ውስጥ ያየነውን እንናገራለን። ከሩቅ እየተመላለሰ የሚማር ልጅ ካላችሁም ንገሩን። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ በሁለት ታክሲ የሚመጣን ልጅ "አርፋጅ" ብሎ መዝገብ ላይ መጻፍ ቀላል ነው፣ ሳናውቅ ጽፈንም እናውቃለን።

ለሚለቁት መሸኛው በሐምሌ መጀመሪያ ከቢሮ ይወሰዳል፤ ያለበት የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ካለ ቀድሞ ይመለስ። በበዓሉ ማብቂያ ደግሞ የሚለቁ ልጆች ደወሉን ይደውላሉ። ደወላችን ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፣ በብረት ነው የሚመታው። ዓመቱን ሙሉ ከዘበኛችን በቀር ማንም እንዲነካው አይፈቀድም፣ ስለዚህ ሁሉም ልጅ ይመኘዋል። ባለፈው ሰኔ ሰባት ነበሩ። ስድስቱ አንድ አንድ ጊዜ መትተው ወረዱ። ሰባተኛዋ የ2ኛ ክፍል ልጅ ናት፣ ድንጋይ ላይ ቆማ ነው የደረሰችበት። አንዴ መታች፣ ደገመች፣ ከዚያ ማቆም አቃታት። ዘበኛችን ብረቱን ሊቀበላት እጁን ዘረጋና መልሶ ኪሱ ከተተው።